ጂኦሜትሪን በዓይንና በእጅ መማር፦ ሥዕል የት ድረስ ያስኬዳል?

ጀማሪ_በኮምፓስ

ሰላም ለሁላችሁ። የጎነ ሦስት ዘዌዎች ድምር 180 ዲግሪ መሆኑን፣ የስፋቱን ቀመር፣ የፓይታጎረስን ቴዎረም በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ለምን እንደዚያ እንደሆኑ ግን አይታየኝም። ቀመር መሸምደዱን ትቼ በማየትና በመሞከር ከመሠረቱ ብጀምር ደስ ይለኛል። ያለኝ ወረቀት፣ መቀስ፣ ማስመሪያ፣ ኮምፓስና አንድ ኮምፒውተር ነው። ከየት ልጀምር? ደግሞስ በሥዕል ያየሁትን ምን ያህል ማመን እችላለሁ?

ወረቀት_አጣፊ

ከእጥፋት ይጀምሩ። ብዙ ሰው የጎነ ሦስትን ሦስት ማዕዘኖች ቀዶ ጎን ለጎን በመደርደር ይጀምራል። መጥፎ አይደለም፤ ግን ዓይን 180ን ከ178 አይለይም፣ ቅዳጁም ምክንያቱን አይነግርም። እጥፋት ምክንያቱንም ያሳያል።

ከወፍራም ካርቶን ሳይሆን ከተራ የጽሕፈት ወረቀት ጎነ ሦስት ይቁረጡ። መሠረቱ 16 ሳንቲሜትር ይሁን። ከግራው ጫፍ 6 ሳንቲሜትር ላይ ምልክት አድርገው፣ ከዚያ ቀጥ ብለው 10 ሳንቲሜትር ወደ ላይ ይውጡና የላይኛውን ጫፍ ያድርጉት። ምልክቱን «እግር» እንበለው። ሦስቱን ዘዌዎች ከማጠፍዎ በፊት በእርሳስ ያቅልሟቸው፤ አለበለዚያ ከታጠፈ በኋላ የትኛው የትኛው እንደነበር ይጠፋል።

አሁን የላይኛውን ጫፍ አምጥተው በእግሩ ላይ ያሳርፉና ይጠፉ። ቀጥሎ የግራውን ጫፍ ወደዚያው ነጥብ፣ የቀኙንም ወደዚያው። ሦስቱ ዘዌዎች በአንድ ነጥብ ላይ ክፍተት ሳይተዉ፣ ሳይደራረቡም ይገጥማሉ፤ ከታች ያለው ጠርዝ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ይህ 180 ነው።

እዚያው ላይ ግን አይቁሙ። የቀረው ቅርጽ ሬክታንግል ነው። ይለኩት፦ 8 በ5። የመሠረቱ ግማሽ በከፍታው ግማሽ ማለት ነው። ወረቀቱ በየቦታው ድርብ ስለሆነ ስፋቱ 8 × 5 × 2 = 80 ይሆናል። የስፋት ቀመሩ ከዚሁ እጥፋት ወጣ።

ጥያቄ_አያልቅም

@ወረቀት_አጣፊ አንዱ ዘዌ ከ90 የሚበልጥ ጎነ ሦስት ላይ ሞከርኩት፤ እግሩ ከወረቀቱ ውጭ ወደቀ።

ወረቀት_አጣፊ

አጭሩን ጎን መሠረት አድርገህ ይሆናል። ወረቀቱን አዙረህ ረጅሙን ጎን ከታች አድርገው። ከ90 የሚበልጥ ዘዌ ቢኖርም ባይኖርም፣ ረጅሙ ጎን መሠረት ከሆነ እግሩ ሁልጊዜ በመሠረቱ ላይ ያርፋል፤ ምክንያቱም በረጅሙ ጎን ሁለት ጫፎች ያሉት ዘዌዎች ሁለቱም ከ90 በታች ናቸው።

ስፒልና_ክር

ከላይ ያለው እጥፋት ውስጥ አንድ ያልተነገረ ነገር አለ። የግራው ጫፍ ወደ እግሩ ሲመጣ እጥፋቱ ለምን በትክክል በጎኑ አጋማሽ ነጥብ ላይ ያልፋል? መልሱ በስፒል ሙከራ ይገኛል።

ወፍራም ካርቶን ላይ ወረቀት ዘርግተው ሁለት ቀጭን ስፒሎች በ8 ሳንቲሜትር ርቀት ይትከሉ። የአንድ ንጹሕ ወረቀት ማዕዘን (90 ዲግሪ ነው) በሁለቱ ስፒሎች መካከል አስገብተው ሁለቱ ጠርዞች ስፒሎቹን እንደነኩ ያንሸራትቱት። በየቦታው የማዕዘኑን ጫፍ በእርሳስ ይንኩ። ከማንሸራተትዎ በፊት ግን ነጥቦቹ ምን ቅርጽ እንደሚሠሩ ገምተው በቀላል መስመር ይሣሉት። ብዙ ሰው ጠፍጠፍ ያለ ቅስት ይስላል። ከ10 እስከ 15 ነጥብ ሲሞላ የሚወጣው ግማሽ ክብ ነው፤ ማዕከሉ በስፒሎቹ መካከል፣ ሬዲየሱ 4 ሳንቲሜትር።

ነጥቦቹ ከክቡ ወጣ ገባ ካሉ ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ ስፒሉ ወፍራም ነው፣ የወረቀቱ ማዕዘን ተበልቷል፣ ወይም አንደኛው ጠርዝ ስፒሉን ሳይነካ እርሳሱ ተጭኗል። የመጨረሻው ነው የሚበዛው።

ምክንያቱ እንዲህ ይታያል። ከማዕከሉ ወደ ማንኛውም ነጥብ መስመር ይሣሉ። ትልቁ ጎነ ሦስት ለሁለት ተከፈለ፤ የእያንዳንዱ ሁለት ጎኖች ሬዲየስ ስለሆኑ እኩል ናቸው። ስለዚህ በግራው ስፒል ያለው ዘዌ ከላይኛው ዘዌ የግራ ክፋይ ጋር እኩል ነው፤ በቀኙ ያለውም ከቀኝ ክፋዩ ጋር። የአራቱ ድምር 180፤ የላይኛው ዘዌ የዚያ ግማሽ፣ ማለትም 90። ይህ በታሌስ ስም የሚጠራው ቴዎረም ነው። የእጥፋቱም ጥያቄ እዚህ ይፈታል፦ በ90 ዲግሪ ጎነ ሦስት የረጅሙ ጎን አጋማሽ ከሦስቱም ጫፎች እኩል ይርቃል፤ ስለዚህ የግራውን ጫፍ በእግሩ ላይ የሚያሳርፈው እጥፋት በዚያ አጋማሽ ማለፍ ግድ አለበት።

ቀጥሎ ከካርቶን 60 ዲግሪ ዘዌ ቆርጠው ይድገሙት። አሁን የሚወጣው ከግማሽ ክብ የሚበልጥ ቅስት ነው፤ ሬዲየሱ 4.6 ሳንቲሜትር ገደማ። ከዚያ 120 ዲግሪ ይቁረጡና ከስፒሎቹ በታች በኩል ያንሸራትቱ። አዲሱ ቅስት የ60 ዲግሪውን ቅስት ዘግቶ ሙሉ ክብ ያደርገዋል። 60 እና 120 ተደምረው 180 መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ አራት ጫፎቹ በአንድ ክብ ላይ ባሉ ጎነ አራት ሁሉ ፊት ለፊት የሚተያዩት ዘዌዎች ድምር 180 ነው።

ተጠራጣሪ_ዓይን

የጠያቂው ሁለተኛ ጥያቄ እንዳይረሳ። 8 በ8 የሆነ ካሬ በባለ ካሬ ወረቀት ላይ ይሣሉ። 8 በ3 እና 8 በ5 አድርገው ይክፈሉት። 8 በ3 የሆነውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዲያጎናሉ ይቁረጡ። 8 በ5 የሆነውን ደግሞ ትይዩ ጎኖቻቸው 3 እና 5፣ ከፍታቸው 5 በሆኑ ሁለት እኩል ትራፒዚየሞች ይክፈሉ። አራቱን ቁራጮች እንደገና ሲያገጣጥሙ 5 በ13 ሬክታንግል ይወጣል። 64 የነበረው 65 ሆነ!

ዓይን ይቀበለዋል። ግን የጎነ ሦስቱ ተዳፋት 3 ለ8 ነው፣ ማለትም 0.375፤ የትራፒዚየሙ 2 ለ5፣ ማለትም 0.4። ሁለቱ ተቀጥለው ቀጥ ያለ መስመር አይሠሩም። በዲያጎናሉ በኩል ረጅምና ቀጭን ፓራሌሎግራም ክፍት ይቀራል፤ ስፋቱ በትክክል 1 ካሬ ነው። የዲያጎናሉ ርዝመት ወደ 14 ስለሚጠጋ ያ 1 ካሬ በጣም ተለጥጦ፣ ካሬዎቹ 1 ሳንቲሜትር ከሆኑ ክፍተቱ በሰፊው ቦታ እንኳ ከ1.5 ሚሊሜትር አይበልጥም። የመቀስ ስህተት ይመስላል። ቁራጮቹን በጥቁር ወረቀት ላይ ቢያስቀምጧቸውና ውጫዊ ጠርዞቹን በማስመሪያ ቢያስተካክሉ ግን ቀጭኑ ጥቁር ስንጥቅ ወጥቶ ይታያል።

ስለዚህ ሥዕል ላይ «ይገጥማል» ሲባል፣ መግጠሙን የሚያስገድደው ዘዌ ነው ወይስ የመስመሩ ውፍረት? ይህን ሁልጊዜ ይጠይቁ።

ሰያፍ_መስመር

ትክክል። ያ ጥያቄ የፓይታጎረስ ሥዕል ላይም ይሠራል። 7 በ7 ካሬ፣ በውስጡ ጎኖቻቸው 3፣ 4፣ 5 የሆኑ አራት ጎነ ሦስቶች። አንዴ በአራቱ ማዕዘኖች ያስቀምጧቸው፦ መሐል ላይ ጎኑ 5 የሆነ ባዶ ቦታ ይቀራል። አንዴ ደግሞ ሁለት ሁለቱን አጣምረው 3 በ4 ሬክታንግሎች ያድርጓቸው፦ 3 በ3 እና 4 በ4 ባዶ ይቀራሉ። 49 ሲቀነስ 24 በሁለቱም በኩል 25 ነው፤ ስለዚህ 9 + 16 = 25።

አብዛኛው ተማሪ የሚሳሳተው፣ መሐል የቀረው ጎኖቹ እኩል መሆናቸውን ብቻ አይቶ «ካሬ ነው» በማለቱ ነው። አራት እኩል ጎን ሮምበስም አለው። ካሬ የሚያደርገው በውጫዊው ጎን ላይ ሦስት ዘዌዎች መገናኘታቸው ነው፦ የጎነ ሦስቱ ሁለት ሹል ዘዌዎችና የመሐሉ ዘዌ። ሹሎቹ ተደምረው 90 ስለሆኑ ለመሐሉ 90 ይቀራል። ሥዕሉ ማረጋገጫ የሚሆነው ይህ ሲጨመርበት ነው። 3፣ 4፣ 5ን ትተው በማናቸውም 90 ዲግሪ ጎነ ሦስት ይድገሙት፤ ከቁጥሮቹ አንዱም አያስፈልግም።

ጀማሪ_በኮምፓስ

ሁሉንም እየሞከርኩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ችግር ገጠመኝ፦ የጎነ ሦስት ሦስቱንም ዘዌዎች በእጥፋት ለሁለት ስከፍል ሦስቱ መስመሮች በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ ይባላል። የእኔ ግን ትንሽ ጎነ ሦስት ይሠራሉ።

ወረቀት_አጣፊ

ሁለት ሚሊሜትር ድረስ ከሆነ የወረቀቱ ውፍረት ነው። ሦስቱን እጥፋት አንዱን ሳይዘረጉ ሌላውን ካጠፉ ስህተቱ ይደመራል፤ እያንዳንዱን ከአጠፉ በኋላ ሙሉ በሙሉ ይዘርጉ። ሌላው፣ ጠርዝን በጠርዝ ላይ ሲያሳርፉ ከማዕዘኑ ጫፍ ይጀምሩ እንጂ ከመሐል አይጫኑ፤ እጥፋቱ በትክክል በጫፉ ካላለፈ መስመሩ ይሸሻል።

ሦስቱ ለምን እንደሚገናኙ ደግሞ እጥፋቱ ራሱ ይናገራል። አንዱን ጎን በሌላው ላይ ሲያሳርፍ፣ በእጥፋቱ ላይ ያለ ነጥብ ሁሉ ከሁለቱ ጎኖች እኩል ይርቃል። የመጀመሪያው እጥፋት ነጥቡን ከአንደኛና ከሁለተኛ ጎን፣ ሁለተኛው ከሁለተኛና ከሦስተኛ እኩል ካራቀው፣ ከአንደኛና ከሦስተኛም እኩል መራቁ አይቀርም። ሦስተኛው እጥፋት ሌላ መሄጃ የለውም። ከዚያ ነጥብ ኮምፓስ ቢተክሉ ሦስቱንም ጎኖች የሚነካ ክብ ይወጣል።

ጎታች_ነጥብ

ኮምፒውተር ካለ ጂኦጂብራን ይጫኑ፤ በነጻ ነው። ማርኩስ ሆሄንዋርተር በ2001 በኦስትሪያ የጀመረው ፕሮግራም ነው። ዋናው ጥቅሙ ሥዕል ማሳመሩ አይደለም። ነጥብ ይዘው ሲጎትቱ ሥዕሉ ምን እንደሚጠብቅና ምን እንደሚለቅ ማሳየቱ ነው።

የመጀመሪያው ልምምድ ካሬ ነው። አራት ነጥቦችን በዓይን አስቀምጠው ካገናኙ፣ አንዱን ሲጎትቱ ካሬው ይፈርሳል። እንዳይፈርስ አንድ መስመር ይሥሩ፣ በአንዱ ጫፍ ላይ 90 ዲግሪ የሚሠራ መስመር ያቁሙ፣ ያንኑ ጫፍ ማዕከል አድርገው በሌላው ጫፍ የሚያልፍ ክብ ይሣሉ፤ ክቡና የቆመው መስመር የሚቆራረጡበት ሦስተኛው ጫፍ ነው። አራተኛውን በትይዩ መስመሮች ያግኙ። አሁን የፈለጉትን ያህል ይጎትቱ፣ ካሬ ሆኖ ይቀራል። ጀማሪ የሚሳሳተው መቆራረጫው ላይ ነጥብ በዓይን በማስቀመጥ ነው፤ የመቆራረጫ መሣሪያውን መጠቀም ግድ ነው፣ አለበለዚያ ነጥቡ ተጣብቆ ሳይሆን ተጠግቶ ነው ያለው።

ሁለተኛው፦ ማንኛውንም ጎነ አራት ሠርተው የአራቱን ጎኖች አጋማሽ ነጥቦች በቅደም ተከተል ያገናኙ። ፓራሌሎግራም ይወጣል። አንዱን ጫፍ ወደ ውስጥ ጎትተው ጎነ አራቱን ያጉብጡት። አሁንም ፓራሌሎግራም። ጎኖቹ እስኪጠላለፉ ይጎትቱት። አሁንም። ይህ የፈረንሳዊው ቫሪኞን ቴዎረም ነው፤ የታተመው እርሱ ካረፈ በኋላ በ1731 ነው። የማይለወጠውን ካዩ በኋላ አንድ ዲያጎናል ይሣሉ፦ በሁለቱም በኩል ጎነ ሦስት አለ፣ አጋማሾቹን የሚያገናኘው መስመር በሁለቱም ከዲያጎናሉ ጋር ትይዩና የእርሱ ግማሽ ነው። አለቀ። ጎነ አራቱ ቢጎብጥም ባይጎብጥም ምክንያቱ አንድ ስለሆነ ነው ጉተታው ያልበገረው።

ተጠራጣሪ_ዓይን

ጉተታ የሐሰት ማረጋገጫ ያጋልጣል። «ማንኛውም ጎነ ሦስት ሁለት እኩል ጎን አለው» የሚል የታወቀ ማታለያ አለ። ጎነ ሦስት ሀለሐ ይኑረን። የሀን ዘዌ ለሁለት የሚከፍለውና የለሐ አጋማሽ ላይ 90 ዲግሪ የሚቆመው መስመር በነጥብ መ ይገናኛሉ። ከመ ወደ ሀለ እና ወደ ሀሐ በ90 ዲግሪ መስመር እናውርድ፤ የሚያርፉበትን ሠ እና ረ እንበል። ሀሠ = ሀረ፣ ሠለ = ረሐ መሆናቸው በትክክል ይረጋገጣል። ስንደምራቸው ሀለ = ሀሐ!

በእጅ የተሣለው ሥዕል መን ጎነ ሦስቱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ጂኦጂብራ ላይ ሀለ 9፣ ሀሐ 5፣ ለሐ 8 አድርጋችሁ ሥሩት። መ ከጎነ ሦስቱ ውጭ ነው፤ በሦስቱ ጫፎች በሚያልፈው ክብ ላይ ያርፋል። ሠ በጎኑ ላይ፣ ረ ግን ከሐ አልፎ በቅጥያው ላይ ነው። ሀሠና ሀረ ሁለቱም 7፣ ሠለና ረሐ ሁለቱም 2። እኩልነቶቹ ሁሉ እውነት ናቸው፤ ግን 9 = 7 + 2 ሲሆን 5 = 7 − 2 ነው። መደመር የነበረበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ስህተቱ ከስሌቱ ሳይሆን «ነጥቡ ውስጥ ነው» ብሎ ከተቀበለው ዓይን ነው።

የጥንቱ ግሪካዊ የጂኦሜትሪ ሊቅ ኢዩክሊድም ከዚህ ነጻ አይደለም። «ኤለመንትስ» የተባለው መጽሐፉ ገና በመጀመሪያው ማረጋገጫ ሁለት ክቦች እንደሚቆራረጡ ከሥዕሉ ይቀበላል፤ ከመነሻ ሕጎቹ አንዱም ያንን አይልም። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ሂልበርት በ1899 የጂኦሜትሪን መነሻ ሕጎች እንደገና ሲያደራጅ ትኩረት ከሰጣቸው ነገሮች አንዱ «በመካከል መሆን» (አንድ ነጥብ በሌሎች ሁለት መካከል መገኘቱ) የሚለው ነው።

ጥያቄ_አያልቅም

የክብ ስፋትስ? ክቡን በቀጭን ቁርጥራጭ ከፍሎ እየገለበጡ መደርደር እምነት የሚጣልበት ነው?

ሰያፍ_መስመር

ነው፤ ግን ለምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሬዲየሱ 8 ሳንቲሜትር የሆነ ክብ ለ16 ይከፈልና ቁራጮቹ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ይደርደሩ። መሠረቱ የዙሪያው ግማሽ፣ 25.1 ሳንቲሜትር ገደማ፤ ከፍታው ወደ 8። ስፋቱም ፓይ × ሬዲየስ × ሬዲየስ ይሆናል። ጎኑ ካጋደለብህ የመጨረሻውን ቁራጭ ለሁለት ሰንጥቀህ ግማሹን በሌላው ጫፍ አስቀምጥ።

አሁን ይህንን ከሌላ ሥዕል ጋር አወዳድረው። ጎኑ 1 በሆነ ካሬ ዲያጎናል ላይ ደረጃ ሥራ። ደረጃዎቹን እያሳነስክ ስትሄድ ዲያጎናሉን ይመስላሉ፤ የደረጃው ርዝመት ግን ሁልጊዜ 2 ነው። ዲያጎናሉ 1.414 ነው። ለምን አንዱ ሠራ፣ አንዱ አልሠራም? አንድ ቁራጭ ብቻ አጉላና እይ። በክቡ፣ የአንዱ ቁራጭ ቅስትና ጫፎቹን የሚያገናኘው ቀጥ ያለ መስመር ያላቸው ልዩነት ቁራጩ ለ8 ሲሆን 2.5 በመቶ፣ ለ16 ሲሆን 0.6 በመቶ ገደማ ነው፤ እየጠፋ ይሄዳል። በደረጃው ግን ምንም ያህል ቢያንስ የአንዱ ደረጃ ርዝመት ለዲያጎናሉ ቁራጭ ያለው ሬሾ 1.414 ሆኖ ይቆያል። አጉልተህ ስታየው ሥዕሉ ያው ነው።

ነጥብ_ቆጣሪ

በክብ ላይ ነጥቦች አድርጋችሁ ሁሉንም እርስ በርስ አገናኙና ክቡ ለስንት ክፍል እንደተከፈለ ቁጠሩ። 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ነጥብ፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ክፍል። የ6 ነጥብ? 32 አይደለም፤ 31 ነው። ነጥቦቹን እኩል አራርቃችሁ ካስቀመጣችሁ ደግሞ 30 ይወጣል፤ ሦስቱ ረጃጅም መስመሮች በማዕከሉ ላይ ስለሚገናኙ አንድ ትንሽ ጎነ ሦስት ይጠፋል። አንዱን ነጥብ ትንሽ ገፋ አድርጉትና ይመለሳል። ሙከራችሁን በሚያምር፣ እኩል በሆነ ሥዕል ብቻ አታድርጉ የሚባለው ለዚህ ነው።

ስፒልና_ክር

ስለ ቅደም ተከተል አንድ ነገር ልጨምር። ኔዘርላንዳውያኑ ዲና እና ፒየር ቫን ሂሌ በ1957 ባቀረቡት ጥናት የጂኦሜትሪ አስተሳሰብን በደረጃ ከፍለውታል፦ ቅርጹን በመልኩ መለየት፣ ባሕርያቱን መዘርዘር፣ ባሕርያቱን እርስ በርስ ማያያዝ፣ ከዚያ መደበኛ ማረጋገጫ። መፈተኛው ቀላል ነው። ካሬን 45 ዲግሪ አዙረው ሲያዩት «ካሬ አይደለም» የሚል ገና በመልክ ደረጃ ላይ ነው፤ ለእርሱ ማረጋገጫ መስጠት አይረባም። ስለዚህ ጠያቂያችን፣ እያንዳንዱን ቅርጽ ሁልጊዜ መሠረቱን ከታች አድርገው አይሣሉ። ያዙሩት፣ ያጋድሉት።

ጀማሪ_በኮምፓስ

ይህ በጣም ጠቀመኝ። ለጠጣር ቅርጾችስ እንዲህ ያለ ነገር አለ? ኪዩብ ሲቆረጥ ስድስት ጎን ይወጣል የሚለውን በምንም መንገድ ማየት አልቻልኩም።

ወረቀት_አጣፊ

ውኃ። ግልጽና የሚዘጋ የኪዩብ ሣጥን ያግኙና ልክ ግማሹን ባለቀለም ውኃ ይሙሉት፤ ጠርዞቹን በፕላስተር ያሽጉ። በአንድ ጫፉ አቁመው፣ በሰያፍ የሚተያየው ጫፍ በቀጥታ ከላዩ እንዲሆን ይያዙት። የውኃው ገጽ ስድስት እኩል ጎኖች አሉት።

ጎታች_ነጥብ

ከማቆምዎ በፊት ይገምቱ! ደግሞ ግማሽ ላይ ብቻ አያቁሙ። ከባዶ ጀምረው ትንሽ በትንሽ ቢጨምሩ፣ ውኃው ከሣጥኑ ይዘት አንድ ስድስተኛ እስኪደርስ ገጹ ጎነ ሦስት ነው። በአንድ ስድስተኛና በአምስት ስድስተኛ መካከል ስድስት ጎን ይሆናል፤ ግን ጎኖቹ ረጅምና አጭር እየተፈራረቁ ነው። ስድስቱ እኩል የሚሆኑት ልክ ግማሽ ላይ ብቻ ነው፤ ያኔ የውኃው ገጽ ስድስት ጠርዞችን በየአጋማሻቸው ይቆርጣል። እነዚያን አጋማሾች ሣጥኑ ላይ አስቀድመው በቀለም ምልክት ካደረጉባቸው፣ ውኃው በሁሉም ምልክት ላይ በአንድ ጊዜ ሲያርፍ በትክክል እንደያዙት ያውቃሉ። አንዱ ምልክት ሰጥሞ ሌላው ከወጣ ሣጥኑ አጋድሏል፤ ምልክቶቹን እያዩ ያቃኑት።